የአውስትራሊያ ነባር ሕዝብ የሆኑት አቦርጂናሎች ከተማ ውስጥ ክሊኒካቸውን ራሳቸው ነው የሚመሩት ይባላል። በቅርብ ያየ ሰው አለ?

የአራት ኪሎው አስጠኚ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

ቀን ማተሚያ ቤት ነው የምሠራው። ማታ ማታ ደግሞ አራት ኪሎና ፒያሳ መሀል ባለ የዕድር አዳራሽ ከጓደኞቼ ጋር ልጆች አስጠናለሁ። ልጆች ስል ከ14 እስከ 20 ዓመት ያሉትን ነው። አብዛኞቹ ሊስትሮ ናቸው። ሎተሪ የሚያዞሩ፣ ሶፍትና ማስቲካ የሚሸጡም አሉ። ሰው ቤት ተቀጥረው ማታ የሚማሩ ሴቶችም ይመጣሉ። ከወላይታ፣ ከሀዲያና ከጋሞ የመጡት ይበዛሉ፤ ከጎጃምና ከወሎም አሉ። አንድ ክፍል ለስድስት ለሰባት ሆነው ነው የሚከራዩት። ሰፈር በፈረሰ ቁጥር ርካሹ ክፍል ስለሚርቅ አንዳንዶቹ ማታ የሚገቡበት ሰዓት ያስፈራኛል።

የሚያስቸግረኝ ትምህርቱ አይደለም። ትምህርት ይወዳሉ። ሒሳብማ ከኔ ይበልጣሉ፤ ቀኑን ሙሉ መልስ ሲቆጥሩ ነው የሚውሉት። የሚያስቸግረኝ ጤናቸው ነው።

አንዱ ልጅ ሳል ይዞት ከረመ። ጤና ጣቢያ ሂድ አልኩት፤ ሄደ። ጥበቃው የሊስትሮ ሳጥንህን ውጭ አስቀምጥ አለው። ውጭ ቢያስቀምጠው ይሰረቃል። እንደምንም ለምኖ ገባ። ካርድ ክፍል ሲደርስ ደግሞ "የየት ወረዳ ነዋሪ ነህ? መታወቂያ?" ተባለ። መታወቂያ የለውም። ወረፋ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሳጥኑን ያያል። ልጁ ዞሮ ወጣ። ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን በፍሬ ገዝቶ ዋጠና ሥራው ላይ ተቀመጠ። ማንም አልሰደበውም፣ ማንም አልመታውም። ግን ሁለተኛ አልሄድም ብሏል።

የዕድሩ ሰዎች ደጎች ናቸው። አዳራሹ በሥራ ቀን ባዶውን ነው የሚውለው፤ ድንኳንና ወንበር ይቀመጥበታል። "ለነዚህ ወጣቶች አንድ ነገር እንሥራበት፤ አንተ ሐሳብ አምጣ" አሉኝ። እስካሁን ከኮሚቴው የመጣው ሐሳብ ፑል እና ለኳስ ማያ የሚሆን ትልቅ ቴሌቪዥን ነው። ክፋት የለውም። ግን ፑልና ዲኤስቲቪ ያለበት የወጣት ማዕከል ከተማው ውስጥ ጠፍቶ አይደለም። የኔዎቹ በሩ ላይ ደርሰው ነው የሚመለሱት።

በዚህ መሀል ስለ ሬድፈርን አነበብኩ። ሲድኒ መሀል ያለ ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 አቦርጂናሎች እዚያ የራሳቸውን የሕግ ድጋፍ አገልግሎት አቋቋሙ። በ1971 ደግሞ ክሊኒክ ከፈቱ። አውስትራሊያ ውስጥ በአቦርጂናል ማኅበረሰብ የሚመራ የመጀመሪያው ክሊኒክ እሱ ነው። ሐኪሞቹ መጀመሪያ ላይ በነፃ ነበር የሚሠሩት። ሲመሠረት አብረው ከነበሩት አንዱ የዓይን ሐኪሙ ፍሬድ ሆሎውስ ነው። አዎ፣ ኋላ ኤርትራ ድረስ መጥቶ የሠራው ሰውዬ፤ በስሙ የተቋቋመው ድርጅት ዛሬ እኛም አገር ትራኮማ ላይ ይሠራል።

አቦርጂናል ሲባል እኔ የሚታየኝ በረሃ ነበር። ለካ ከ10 ሰው 4ቱ ያህል ትልልቅ ከተማ ውስጥ ነው የሚኖረው። ሬድፈርን ላይ ሆስፒታሉ ቅርባቸው ነበር፤ ግን አይሄዱም ነበር። የኔ ልጆችም ከጤና ጣቢያው ብዙ አይርቁም።

እና ጥያቄዬ፦ እንዲህ ያለ ቦታ ገብቶ ያየ ወይ የሠራ አለ? ገንዘቡ ከየት ይመጣል? አለቃውን ማን ይሾማል? ጎረምሳ ሳይታመም ክሊኒክ እንዲገባ የሚያደርጉት በምንድን ነው? እባካችሁ "ፈልገህ አንብብ" አትበሉኝ፤ አንብቤያለሁ። አሁን የምፈልገው በዓይኑ ያየ ሰው ነው።


ነርሷ ከሜልበርን፦

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ቤቴ ድረስ መጣ። እዚህ ነርሲንግ ስማር የተግባር ልምምዴን በአቦርጂናሎች በሚመራ ክሊኒክ ነው የሠራሁት። በኛ ከተማ ቀደምት የሆነው እ.ኤ.አ. በ1973 ፊትዝሮይ ሰፈር የተከፈተው ነው፤ ከሬድፈርን ሁለት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ዛሬ በመላ አገሪቱ ከመቶ በላይ ናቸው።

ስለ በሩ ልንገርህ፤ ያንተም ችግር በሩ ነውና። መቀበያው ላይ የተቀመጠችው ትልቅ ሴትዮ የሰፈሩ ሰው ናት። ሰው ሲገባ ከካርድ በፊት የምትጠይቀው የማን ልጅ እንደሆነ፣ ቤተሰቡ ከየት እንደመጣ ነው። ሁለት ስም ሲጠራላት ዘመዱን ታገኝለታለች። ሻይ አለ። ሕፃን ልጅ ወለሉ ላይ ይጫወታል። እኔ መጀመሪያ ቀን ክሊኒክ ሳይሆን ለቅሶ ቤት የገባሁ ነው የመሰለኝ፤ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ያወራል።

ለምን እንዲህ ሆነ ብትል፣ ሆስፒታልን የሚፈሩት በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1910 ገደማ እስከ 1970ዎቹ መንግሥትና የሃይማኖት ድርጅቶች የአቦርጂናል ልጆችን ከእናት ከአባታቸው እየነጠቁ በማሳደጊያና በነጮች ቤት ያስቀምጡ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኬቨን ራድ በ2008 ፓርላማ ቆሞ ይቅርታ ጠይቋል። ግን የዛሬ አያቶች ራሳቸው የተወሰዱ ናቸው። ነፍሰ ጡር የልጅ ልጃቸውን "ሆስፒታል ሄደሽ ውለጂ" ለማለት ይከብዳቸዋል። ብሪዝበን ላይ ለዚህ የፈጠሩት መላ ጥሩ ነው። ነፍሰ ጡሯን ከመጀመሪያ እስከ ድኅረ ወሊድ አንዲት አዋላጅ ትይዛታለች፤ ስልኳን ትሰጣታለች። ለክትትል መኪና ይወስዳታል። ያለ ጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናት ቁጥር በጣም መቀነሱን አጥንተው አሳትመዋል።

ገንዘቡ ከሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ከመንግሥት በጀት። ሁለተኛው ሜዲኬር ከሚባለው የሕዝብ የጤና መድህን፤ ሰው በታየ ቁጥር ክሊኒኩ ያስከፍለዋል። ታካሚው ከኪሱ አይከፍልም። አለቃውን ቦርዱ ይቀጥራል። ቦርዱን ደግሞ አባላቱ በዓመታዊ ጉባኤ ይመርጡታል። አባል የሚሆነው የማኅበረሰቡ ሰው ነው። ስብሰባው ላይ ተገኝቻለሁ፤ ሥራ አስኪያጇን አንዲት አሮጊት ታካሚ የሚያመላልሰው ቫን ሰዓት አያከብርም ብለው አፋጥጠው ያዟት! ለእኔ ከሁሉ የገረመኝ እሱ ነው።

የጎረምሶቹ ነገር። እዚህ ለአቦርጂናልና ለቶረስ ስትሬት ደሴት ሰዎች (እነሱም በሰሜን በኩል ያሉ ደሴቶች ነባር ሕዝብ ናቸው) በየዓመቱ በነፃ የሚደረግ ሙሉ ምርመራ አለ። በሜዲኬር ቁጥሩ "715" ብለው ነው የሚጠሩት። ብሪዝበን ባለችበት በኩዊንስላንድ ክፍለ ግዛት ውስጥ ዴድሊ ቾይስስ የሚባል ፕሮግራም ምርመራውን ለጨረሰ ሰው ቲሸርት ይሰጣል። ቲሸርቱ ላይ የአቦርጂናል ሥዕልና የራግቢ ቡድን ዓርማ አለበት። የሚገኘው በምርመራ ነው። ጎረምሳው ለቲሸርቱ ሲል ይገባል፣ ደም ግፊቱን ስኳሩን ታይቶ ይወጣል።

ገነት ነው እንዳትለኝ ግን። እ.ኤ.አ. በ2020–2022 በወጣው ስሌት የአቦርጂናልና የቶረስ ስትሬት ወንድ ሲወለድ ይኖራል ተብሎ የሚጠበቀው ዕድሜ 71.9፣ የሴት 75.6 ነው። ከሌላው አውስትራሊያዊ ከ8 ዓመት በላይ ያንሳል። በ2023 ፓርላማውን የሚያማክር የራሳቸው አካል ይኑራቸው ወይ ተብሎ ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ ከመቶ 60ው ያህል "አይሆንም" ብሏል። ክሊኒኩ ብቻውን ሁሉን አይፈታም።


የአራት ኪሎው አስጠኚ፦

እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ብቻ፤ ሐኪሞቹም የግድ አቦርጂናል ናቸው?


ነርሷ ከሜልበርን፦

አይ። እኔ በነበርኩበት አንደኛዋ ሕንዳዊት፣ ሌላው ነጭ ነበሩ፤ እኔም ሐበሻ። አለቃችን ግን አቦርጂናል ናት። የአቦርጂናል ጤና ሠራተኛ የሚባሉም አሉ፤ ሠልጥነው ግፊት የሚለኩ፣ ቤት ለቤት የሚሄዱ። ከሐኪሙ ጋር ሲጣላ ሰው የሚያስታርቁትም እነሱ ናቸው።


ጠርጣራው፦

ሐሳቡ ደስ ይላል፤ ግን ንጽጽሩ አልተዋጠልኝም። አቦርጂናሎቹ እኮ እንግዳ አይደሉም። ከ60 ሺህ ዓመት በላይ በኖሩበት አገር ላይ እ.ኤ.አ. በ1788 እንግሊዞች መጥተው ሰፈሩባቸው። መሬታቸውን ቀሟቸው፣ ልጆቻቸውን ነጠቋቸው። ያንተ ሊስትሮዎች በገዛ አገራቸው ሥራ ፍለጋ የመጡ ናቸው። ዛሬ ጫማ ይጠርጋል፣ ነገ ሱቅ በደረቴ ይይዛል፣ ከነገ ወዲያ ሱቅ ይከፍታል። የመርካቶን ነጋዴ ጠይቅ፤ ስንቱ እንዲህ ጀመረ። "የሊስትሮ ክሊኒክ" ብለህ ታፔላ ብትሰቅል ደግሞ ልጆቹ ያፍራሉ እንጂ አይገቡም። ባይሆን ያለውን ጤና ጣቢያ ሁሉም በእኩል እንዲገባበት አድርጉ።


የአራት ኪሎው አስጠኚ፦

ታሪኩ አንድ ነው አላልኩም። ያንተን ያህልም ባይሆን ልዩነቱ ይገባኛል። ታፔላ የመስቀል ሐሳብ የለኝም፣ ክሊኒክም አልከፍትም። እኔን የያዘኝ አንድ ነገር ነው፤ ሕንፃው እያለ ሰው ለምን አይገባም? ሬድፈርኖች ለዚህ ጥያቄ መልስ አግኝተዋል።

"ነገ ሱቅ ይከፍታል" ያልከውን በተመለከተ ደግሞ፣ የከፈቱትን እናያለን። ታሞ ወደ አገሩ የተመለሰውን ማን ቆጠረው?


ሲስተር ከወረዳ፦

የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነኝ። በመጀመሪያ ስለዚያ ልጅ። ከሁለት ሳምንት በላይ ያሳለ ሰው አክታው መመርመር አለበት። አንድ ክፍል ውስጥ ሰባት ሆነው ለሚያድሩ ልጆች ደግሞ በጣም! የቲቢ ምርመራውም መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው። መድኃኒቱ ወራት ይወስዳል፤ አሞክሳሲሊን አይተካውም። ሳሉ ቢጠፋም ይታይ። ብቻውን አትላከው፤ አብረኸው ሂድ፤ ሳጥኑን አንተ ያዝለት።

ሁለተኛ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው አለ። የቲቢ፣ የኤች አይ ቪ ምርመራና መድኃኒት፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ ወሊድ፣ እነዚህ ክፍያ የላቸውም። ሌላው በክፍያ ወይ በመድህን ነው። የማኅበረሰብ ጤና መድህን ደግሞ የሚመዘገበው በቤተሰብ ነው፤ ያንተ ልጆች እዚያ ላይ ይወድቃሉ። ፋይዳ ሰነድ የሌለውን ሰው በምስክር የሚመዘግብበት መንገድ አለ፤ ከዚያ ጀምሩ።

እኛንም ልናገር። ቤት ለቤት የምንሄደው ቀን ነው። ቀን ሊስትሮ ቤቱ የለም። አከራይዋን እናገኛለን፣ ስለ እጅ መታጠብ ነግረናት እንመለሳለን። ሪፖርቱ ላይ ያ ቤት "ተጎብኝቷል" ይባላል። ስለዚህ አዳራሹን ስጠኝ። ማታ አንድ ቀን እኔና ጓደኛዬ እንመጣለን። ግፊት መለኪያና ሚዛን እናመጣለን፤ የሚያስፈልገውን ወደ ጤና ጣቢያ እንጽፋለን። ጤና ጣቢያው ውስጥ ለወጣቶች ምቹ አገልግሎት የሚባል ክፍል አለ። እዚያ ያለችው ልጅ ስልክ ቢደወልላት በር ላይ ወጥታ ትቀበላቸዋለች።


የማታ መምህር፦

ሁላችሁም ስለ ወንዶቹ ነው የምታወሩት። ስለ ሴቶቹ ልጨምር።

አውስትራሊያኖቹ በትምህርትም የሠሩት አለ። ፐርዝ ላይ እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረ ክሎንታርፍ የሚባል አለ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ኳስ መጫወት የፈለገ የአቦርጂናል ልጅ ትምህርት ቤት መገኘት አለበት። አሠልጣኙ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ይውላል፣ የቀረውን ልጅ ቤቱ ድረስ ሄዶ ያመጣል። ተስፋፍቶ ብዙ ከተማ ደርሷል። ግን ለወንዶች ብቻ ነው። ሴቶቹስ የሚል ጥያቄ እዚያም ተነሥቷል።

የኔ ክፍል ውስጥ አብዛኞቹ ሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች ናቸው። 11 ሰዓት መምጣት አለባቸው። እመቤቲቱ እንግዳ ካላት ይቀራሉ። በዓል ሰሞን ክፍሉ ጭር ይላል። ቲሸርት ወይ ኳስ አያመጣቸውም፤ ፈቃዱ የነሱ አይደለማ። እኔ የሠራልኝ ነገር ቢኖር አሠሪዋ ቤት ሄዶ ቡና ጠጥቶ ማውራት ነው። በስም "የልጅቷ መምህር ነኝ" ሲባል ብዙዋ ታፍራለች፤ ትለቃታለች። ይሄን ሥራ የዕድር እናቶች ከኔ ይበልጥ ይችሉታል፤ አሠሪዎቹ ራሳቸው የዕድር አባል ናቸው እኮ!

ሌላው መሸኛ ነው። ልጅቷ 5ኛ ክፍል ድረስ አገሯ ተምራለች፤ መሸኛ ሳትይዝ ነው የመጣችው። ያለ መሸኛ አይመዘገብም፤ ወይ ከ1ኛ ትጀምር ትባላለች። በ17 ዓመቷ! ከያንዳንዱ ወረዳ የመጡትን ስም በአንድ ላይ ጽፈህ፣ አገር የሚሄድ ሰው ስታገኝ ላክ። እኛ ለመስቀል ወደ ጋሞ የሚሄዱትን ነው የምንጠብቀው።


የካሳንቺሱ ጋሼ፦

ልጄ፣ እኔ በዕድር ሰብሳቢነት ያረጀሁ ሰው ነኝ። ካሳንቺስ ነበርኩ፤ አሁን ወደ ገላን ጉራ ከተወሰዱት አንዱ ነኝ። ዕድራችን ተበትኖ እንደ አዲስ እያቋቋምን ነው። ሬድፈርን ያልከው ሰፈር ራሱ አልፈረሰም ወይ? መሀል ከተማ ሆኖ እንዴት ተረፈ?

ወደ ነገርህ ልምጣ። ኤች አይ ቪ ሰዉን በጨረሰበት ዘመን ዕድር ከቀብር አልፎ ሕመምተኛ ጠይቋል፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን አሳድጓል። ስለዚህ ዕድር ይሄ ሥራ አይሆነውም የሚልህን አትስማ። ግን ያቺ ነርስ ከጻፈችው አንዱን ሳታነሡት አለፋችሁ፤ አባላቱ ቦርዱን ይመርጣሉ ነው ያለችው። ያንተ ልጆች የዕድሩ ምንድን ናቸው? አባል አይደሉም። እንግዳ ናቸው። አዳራሹን በደግነት ሰጥተናቸው፣ ነገ ሠርግ ሲመጣ ውጡ ልንላቸው ነው።

እነዚህ ልጆች ምን እንደሚያስጨንቃቸው ጠይቀሃቸዋል? እኔ ጫማዬን የሚጠርገውን ልጅ ጠይቄዋለሁ። ክሊኒክ አላለኝም። "ጋሼ፣ እዚህ ብሞት ማን አገሬ ያደርሰኛል?" ነው ያለኝ። ጓደኛቸው ሲሞትባቸው በየበረንዳው ሳንቲም ለምነው ነው ሬሳ የሚያሳፍሩት። የአገር ልጆች ዕድር አለ፣ ግን ወር በወር መክፈል ይፈልጋል፤ የነሱ ገቢ ደግሞ ዝናብ በዘነበ ቁጥር የለም። የኛ ሰፈር ዕድር ደግሞ ዘግይቶ የሚገባን ሰው የመግቢያ ክፍያ ያስከፍላል፤ የቤት ቁጥርም ይጠይቃል።

አባል አድርጓቸው። ከመካከላቸው ሁለቱን ኮሚቴ ውስጥ አስገቡ፤ አንዷ ሴት ትሁን። የአዳራሹ አንድ ቁልፍ እነሱ ዘንድ ይሁን።


ነርሷ ከሜልበርን፦

ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፤ ሬድፈርንም አልተረፈም ማለት ይቻላል። "ዘ ብሎክ" የሚባለውን የቤቶች ረድፍ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የአቦርጂናሎች የቤት ማኅበር እየገዛ ይዞት ነበር። ቤቶቹ አርጅተው ፈረሱ። ቦታው ላይ አሁን ትልቅ የተማሪዎች ሕንፃ አለ፤ ከጎኑ ለአቦርጂናል ቤተሰብ የተሠሩ 62 ቤቶች አሉ። እነሱም ቢሆኑ ያለ ጭቅጭቅ አልመጡም፤ አሮጊቶች ሜዳው ላይ ድንኳን ተክለው ነበር። መሬቱ በማኅበሩ ስም ስለነበር ነው መደራደር የቻሉት። ብዙ ቤተሰብ ግን ኪራዩ አባርሮት ወደ ዳር ወጥቷል። ክሊኒኩ እዚያው ስላለ ከዳር ተነሥተው የሚመጡ አሉ።


ጠርጣራው፦

የጋሼ ሐሳብ ተመችቶኛል። ዕድር ከሆነ እኔም ታፔላውን እተዋለሁ። ግን በገንዘቡ ጠንቃቃ ሁኑ፤ ሞት ሲደራረብ የነባሩ አባል መዋጮ ወዴት ሄደ የሚል አይጠፋም።


የአራት ኪሎው አስጠኚ፦

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ። የሬሳውን ነገር ማታ ልጆቹ ፊት አነሣሁት። ጫጫታው ጸጥ አለና ከዚያ ሁሉም ባንዴ ማውራት ጀመረ። መክፈል እንፈልጋለን አሉ። በወር አንችልም፤ በሳምንት ቢሆን፣ ክረምት ላይ ቢቀነስ ይሻላል ነው የሚሉት። አንዷ ልጅ ደግሞ "እኔን ለመድኃኒትም አበድሩኝ" አለች። ይሄን አላሰብኩትም ነበር።

ሲስተር፣ ያሳለውን ልጅ አብሬው ሄጃለሁ፤ አክታ ሰጥቷል። ለአዳራሹ ማታ እሮብ ይመቸናል። መምህር፣ የዕድሩን እናቶች ላናግር ነው፤ ከአሠሪዎቹ ጋር ምን እንደምትል ጻፍልኝ።

ጋሼ፣ ኮሚቴው የመግቢያ ክፍያውን ለነሱ እንዲተው እጠይቃለሁ። ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ፤ ገንዘብ ያዣችን ከወዲሁ ፊቱን አጥቁሯል። ለቀብር የሚያዘው ሒሳብ ከነባሩ ይለይ ወይስ አንድ ላይ ይሁን? እናንተ ገላን ጉራ ላይ እንደ አዲስ ስትጽፉ ምን አደረጋችሁ?


የካሳንቺሱ ጋሼ፦

በመጀመሪያው ዓመት ለዩት። ነባሩ አባል "ገንዘባችን አለቀ" የሚልበት ምክንያት አይኑረው። በሁለተኛው ዓመት ጠቅላላ ጉባኤው ይወስን፤ ያኔ ልጆቹም ድምፅ ይኖራቸዋል። ስትተምኑ ደግሞ ሬሳው የሚሄድበትን ርቀት አስቡ፤ ሶዶና አርባ ምንጭ በአንድ ዋጋ አይደረስም። ለመድኃኒት ብድር የኛ ደንብ ላይ አንቀጽ አለን። ፎቶ አንሥቼ በውስጥ እልክልሃለሁ፤ መነጽሬን ላግኝ።